አገር ስጪኝ

የሐምሌ ወበቅ ነው፤ ሻርጃ እንቅልፍ የላት፣
መስታወቱን ሁሉ ያልበዋል በእኩለ ሌሊት።
ቤተ መጻሕፍቱ በሩን ቆልፎብኝ፣
የቤት ሥራ ማስረከቢያው ሰዓት ሊያልፍብኝ፣
ከካፍቴሪያው ደጅ፣ ከለስላሳ ማሽኑ ሥር፣
ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ዋይፋይ ስፈልግ ነበር።
የግቢያችን ስም ሁለት ሆኖ መጣ፤
አንዱ እንደ ወትሮው፣ አንዱ ሰረዝ ያጣ።
ማን ሰረዝ ይቆጥራል እንቅልፉ ሲመጣ?
ጠንከር ያለውን ነካሁት። ስሜን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።
የይለፍ ቃሌንም። ለበሮቼ ሁሉ አንድ ቁልፍ ነበረኝ፤
እሱንም ሰጠሁት።
ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ፤
እኔም ሥራዬን በስልኬ ዳታ ልኬ ተኛሁ።

ያቺው እኔ ነኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ
አጅማን ላለችው እናቴ ደውዬ የማስተምራት፦
«ሊንክ አትንኪ፣ ኮድ ለሰው አትንገሪ፣
ሽልማት ደረሰሽ ላለሽ አትሸበሪ።»
እሷም የማዳሟን ድስት እያማሰለች
«እሺ፣ መምህርት» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት መልእክት ደረሳት፦
«እማ፣ ስልኬ ወድቆ ተሰበረ፤ ይሄ የጓደኛ ነው፤
ዛሬ ሁለት ሺህ ድርሃም ካልከፈልኩ ከዶርም መባረሬ ነው።»
ፎቶዬ ከጎኑ፤ ያው ሻሼ፣ ያው ሳቄ፤
አማርኛው የሰላ፣ አንድ ፊደል ያልሳተ፣
ከኔ ይልቅ የታረመ።
እማ ዓሣ ስትጠርብ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ
በድምፅ አንዲት ቃል ላከች፦
«እንቆቅልሽ!»

ከዚህ የቀለለ ምን አለ?
እሷ ጉያ ያደገች ልጅ ሳታስብ፣ በእንቅልፏም ቢሆን
«ምን አውቅልሽ» ትላለች።
እሱ ግን ሦስት ነጥብ እያርገበገበ ቆየና
«እማ አሁን የጨዋታ ሰዓት አይደለም፤ ቶሎ በይ» አለ።
እማ «ስጪኝ» አላለችም።
«እንግዲያው» አለችው፣ «አገር ስጠኝ።»

የሚሰጠው አገር ያልነበረው ጠፋ።
ማን ያውቃል፣ እሱም የሆነ ቦታ፣ የሆነ ክፍል ውስጥ
በሰው ጥበቃ፣ በሰው ቁልፍ ተዘግቶበት ይሆናል።
ይሄን ያሰብኩት ቆይቼ ነው። ያን ዕለት ያሰብኩት ሰረዟን ብቻ ነበር።

የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ፣ ተደብቄ እንደ ሌባ።
የኔትወርክ ቢሮው ሁለት ፎቅ ታች ነው፤ ግን በምን ፊቴ ልግባ?
ምን ይሉኛል? የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት!
ሁለት ቀን ዝም አልኩ።
በሁለቱ ቀን ስሜ ያለ እኔ ግቢውን ዞረ፤
ነጂባ ዘንድ ደረሰ፣ የደሴዋ፣ የነርሲንጓ፤
ለምሳና ለአውቶቡስ ያስቀመጠችውን አራት መቶ ድርሃም
ቆጥራ ላከችለት።
«ለምን አልጠየቅሽም?» ስላት
«ስምሽን አየሁ» አለችኝ፣ «ሌላ ምን ልጠይቅ?»

ሰኞ ወረድኩ። ሙኒር የሚባለው ሰውዬ
ከኪቦርዱ ቀና ሳይል «ስንት ቀን ሆነው?» አለኝ።
ቁጥሩን ስነግረው ጣቱ ቆመ። አልተቆጣም።
ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።
የሁላችንም በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመረ፣
በየስልካችን የሚመጣ፣ በግማሽ ደቂቃ የሚሞት ቁጥር።
የነጂባን ብር በሦስት ወር ከፈልኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገሯን ገና ነኝ።

ሐሙስ ማታ እማ ደወለች።
አሁን ከሰላምታ ይቀድማል፤ «እንቆቅልሽ!»
«ምን አውቅልሽ!»
«ሌባ ይዞት ሄዶ፣ ከባለቤቱ እጅ ያልጠፋ?»
አሰብኩ። ጥላ አልኩ፤ አይደለም። እሳት አልኩ፤ አይደለም።
«አገር ስጪኝ!»
«ሻርጃን ሰጠሁሽ።»
ዝም አለች። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖራ
ሻርጃን የምታውቃት ከአየር ማረፊያ ሲያመጧት፣ በመኪና መስኮት ነው።
«ሻርጃ ገባሁ» አለች ቀስ ብላ፣
«ባሕሩ ዳር ተቀመጥኩ፤ ጫማዬን አወለቅኩ፤
ኑ ያለኝ የለም፤ ሂጂ ያለኝ የለም፤
ለሠራተኛ ሁሉ ቅዳሜንም እሑድንም ዕረፍት አወጅኩ…»
ከወዲያ የማዳሟ ደወል ጮኸ።
«መጣሁ» አለች፤ ለኔ ይሁን ለእሷ አልገባኝም።
ከዚያ ስልኩ ሊዘጋ ሲል፣ በፍጥነት፦
«ስምሽ ነው፣ ልጄ። መልሱ ስምሽ ነው።»